መሐሉ የተበሳ የሚዛን ሰሃን

የእህቴ ልጅ ሳባ ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ ሐረር ስትመጣ፣ ባጃጁ በራችን ላይ ሲቆም ከሻንጣዋ አስቀድማ ያወረደችው አንድ ክብ ጥቁር ቦርሳ ነበር። ሹፌሩ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ «እሱን ተወው፣ እኔው እይዘዋለሁ!» ብላ ነጠቀችው። ሳባ ድራም ትመታለች። እናቷ ይህንን ለሰው ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ በወጣትነቴ ድራም መቺ ስለነበርኩ ወደ እኔ የወጣች ይመስለኛል።

ምሳ በልተን፣ በለስ ተልጦልን ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ቦርሳዋን ከፈተችው። ሁለት ሰሃን አወጣች። እኛ በጊዜያችን ሲምባል ማለት አይሆንልንም ነበር፤ ሰሃን ነበር የምንለው። አንደኛው ትልቅ ሆኖ ዙሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ትንሽ፣ ጠርዙ የተጣመመ፣ ላየው ሰው መኪና የሄደበት የሚመስል። ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ አድርጋ በአንድ ማቆሚያ ላይ ደረበቻቸውና ዳዶውን አጠበቀች።

«ጋሼ፣ ይቺን ስማኝ» አለችና መታችው።

ጭሽ! አለ። ወዲያው ዝም።

ድራም ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። አንድ ሰሃን ብቻውን ሲመታ ድምፁ ይለቀቃል፣ ይንሳፈፋል፣ ቶሎም አይሞትም። ሁለቱ ሲደራረቡ ግን አንዱ የሌላውን ድምፅ ይይዝበታል። ደረቅ፣ አጭር፣ ሸካራ ድምፅ ይወጣል። ዳዶውን ስታላላው ይንጫጫል፣ ስታጠብቀው ይቆረጣል። ሳባ አጥብቃና አላልታ ሁለቱንም አሰማችኝ። አሁን ሁሉም ድራም መቺ የሚፈልገው ይህንን እንደሆነ፣ ከውጭ ለማስመጣት ስንት ወር እንደጠበቀች ነገረችኝ።

«በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ አይደል?» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኳት።

ውሸቴን ነበር። በለሱ አፌ ውስጥ እንዳለ ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላም ባልሰማው እመርጥ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከከተማዋ ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነው፤ አያቶቻችን ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ፣ አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ጊታርና ቆዳው ሁለት ጊዜ የተጠገነ ድራም ነበረው። የድራሙ መቺ እኔ ነበርኩ። በትምህርት መካከለኛ፣ በኳስ ደካማ፣ በመልክም እንዲሁ ነበርኩ። ስቲክ ስይዝ ግን ሰው ስሜን ያውቀው ነበር። የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ዞር ብላ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር፤ ባታየኝም።

ቡድኑ የነበረው አንድ ሰሃን ብቻ ነው። እሱም ከጠርዙ ወደ መሐል ተሰነጠቀ። በመታሁት ቁጥር ችርርር ይላል። አኮርዲዮን የሚጫወተው መምህራችን ጋሽ ታምራት ጆሮው ስስ ነበር፤ ያ ድምፅ በወጣ ቁጥር ጥርሱን ሲያፋጭ አየዋለሁ። የቀበሌዎች ውድድር ሊደረግ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልምምዱን አቋረጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ጌቱ፣ ይህ ጩኸት እስከ እሁድ ካልጠፋ ድራሙን ትተን በከበሮ እንገባለን» አለኝ።

ከበሮ የሚመታው ተስፋዬ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይመለከት ነበር። ደስታውን ሲደብቅ መሆኑ ነው። እኔ ሰሃኑ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ጨርቅ አሰርኩ፣ የአባቴን የድሮ ቀበቶ ቆርጬ ከሥሩ አደረግኩ። ጩኸቱ ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ሐሙስ ከሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

እዚህ ላይ አዴ ዘሃራን ማስተዋወቅ አለብኝ፤ «አዴ» በሐረር ለእናቶች የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሐኪም ከሚባለው ጋራ ማዶ ካለ መንደር በየጠዋቱ እየወረዱ በትልቁ ገበያ፣ በጊደር መጋላ፣ ቅመም የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ኮረሪማ፣ እርድ። በቦታቸው ባልፍ እንኳ ልብሴ ማታ ድረስ እርድ እርድ ይሸት ነበር። እናቴ ከእሳቸው በቀር ከማንም አትገዛም። በእጅ የሚንጠለጠል፣ ሁለት የነሐስ ሰሃን ያለው ሚዛን ነበራቸው። በአንዱ ሰሃን የሚዛን ድንጋዩን፣ በሌላው ቅመሙን ያደርጋሉ። ዘንጉ እኩል እስኪቆም ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እኩል ሲሆን ታዲያ አይበቃቸውም፤ በሦስት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ምርቃት ይጨምራሉ። እናቴ «ይበቃል አዴ፣ ይተውት» ስትላቸው ሁልጊዜ የሚመልሱት አንድ ነው።

«ነገ በቂያማ ቀን የሚጠብቀኝ ይኼው ሚዛን ነው። ከሱ ጋራ ከአሁኑ ልስማማ እንጂ!»

ይስቃሉ፣ እኛም እንስቃለን። ነገሩ ግን ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም፤ በፍርድ ቀን የሰው ሥራ በሚዛን እንደሚለካ ያምኑ ነበር።

በዚያ ሐሙስ በጊደር መጋላ ሳልፍ ጠሩኝ። የሚዛኑ አንዱ ሰንሰለት ተበጥሷል። እኔ የሰፈሩን ራዲዮ የምነካካ ልጅ መሆኔን ያውቃሉ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ለቅዳሜ ገበያ ታደርስልኛለህ? ነገ ጁምዓ ነው፣ አልወጣም። ሌላ ሰው እጅ ግን እንዳይገባ» ብለው በሻሽ ጠቅልለው ሰጡኝ። ለሌላ ሰው ያላመኑትን ለእኔ ሰጡኝ። ይህንን ሳስበው ዛሬም ፊቴን ይሞቀኛል።

ሰንሰለቱን ለመቀጠል ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሥራውን ጨርሼ አንዱን ሰሃን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ኪን አለ። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ። እንዲሁ ለጨዋታ ወስጄ በተሰነጠቀው ሰሃን ላይ ደፋሁትና በስቲክ መታሁት። ጭሽ! ችርርር የለም፤ ስንጥቁን ነሐሱ ዋጠው። ተቆርጦ የሚቀር፣ ማንም በሐረር ያልሰማው ድምፅ ነበር። ደግሜ መታሁት። ደግሜ ደጋግሜ። እናቴ ከውስጥ «ምን እየሰበርክ ነው?» ብላ ጮኸች።

በእጅ ካልያዝኩት ግን ይንሸራተታል። ማቆሚያው ላይ እንዲቆም መሐሉ መበሳት አለበት።

ዓርብ ጠዋት ከሸዋ በር በታች አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ሄጄ አንድ የሚዛን ሰሃን አገኘሁ። ስፋቱ ልክ ነው፣ ሦስቱም የሰንሰለት ቀዳዳዎች አሉት፣ ቢጫም ነው። ግን ሳሳ ያለ ነው። ሚዛኑ ላይ ሳንጠለጥለው እንደ ላባ ወደ ላይ ወጣ። ከአሮጌ ባትሪ የተረፈ እርሳስ አቅልጬ የተምር ፍሬ የሚያህል ወሰድኩና በሰሃኑ ሆድ ሥር፣ ሰው በማያየው በኩል፣ በማስቲሽ ለጠፍኩት። በብየዳ ላድርገው ብዬ ነበር፤ ቤት ያለው መበየጃ ለራዲዮ ሽቦ እንጂ ለነሐስ የሚበቃ አልነበረም። እስኪደርቅ ጠብቄ አነሳሁት። ዘንጉ እኩል ቆመ። እኩል ቆመ ብዬ በራሴ ኮራሁ እንጂ ሌላ ነገር በሐሳቤ አልመጣም። ከዚያ የአባቴን መሰርሰሪያ አምጥቼ የአዴ ዘሃራን ሰሃን ከመሐሉ በሳሁት።

ቅዳሜ ማለዳ አስረከብኳቸው። አዴ ዘሃራ ሻሹን ፈትተው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

«መልኩ ተለወጠብኝ?» አሉ።

«በሎሚና በአመድ አሽቼው ነው» አልኳቸው።

«አላህ እጅህን ይባርከው» አሉና ለእናቴ ብለው ኮረሪማ በወረቀት ጠቀለሉልኝ። ተቀብዬ ሄድኩ።

እሁድ አዳራሹ እስከ ደጅ ሞልቶ ነበር። ገና በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ያንን ድምፅ ሳሰማ ፊት ያሉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ምን እንደመታሁ ለማየት ሞከሩ። ጋሽ ታምራት አኮርዲዮኑን ሳያቋርጥ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ፤ ለእኔ ሲስቅልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። አንደኛ ወጣን። ሰኞ ዕለት በመንገድ ሳልፍ ልጆች በአፋቸው ጭሽ! ጭሽ! ይሉልኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ወቅቱ ዝናብ የጠፋበት፣ የጊደር መጋላ ድንጋይ ከእግር በታች የሚፋጅበት ነበር። ቅዳሜ ዕለት እናቴ ዘንቢል አስይዛኝ ገበያ ወጣን። አዴ ዘሃራ ዘንድ ስንደርስ አንዲት ለሠርግ ቅመም የገዛች ሴት ከፊታቸው ቆማ ትጮህ ነበር።

«አዴ! እርስዎም እንዲህ ያደርጋሉ?»

«ምን አደረግኩ፣ ልጄ?»

«ጎደሎ ነዋ! ሁሉም ጎደሎ ነው! እህል ተራ ወስጄ ሁለት ቦታ አስመዘንኩት!»

«ወላሂል አዚም፣ ያንቺን ሐቅ አልነካሁም!»

ሰው ተሰበሰበ። ከጎናቸው የምትሸጠው ከዲጃ ሥራዋን ትታ ተነሳች። ገበያው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ሐጂ ኡመር ከሱቃቸው ወጥተው መጡና ቀስ ብለው «ዘሃራ፣ እስኪ ባዶውን አንሺው» አሉ።

አዴ ዘሃራ ሳይጠራጠሩ ሚዛኑን አነሱት። ቅመም የሚቀመጥበት ሰሃን ሰመጠ፤ የድንጋዩ ሰሃን ከፍ ብሎ ቀረ። ድንጋይ ያለበት በኩል ቀሏል ማለት ነው፤ ማንኛውም ገዢ ገና ሳይሞላለት ሞላ ይባላል። ይህ ለገበያ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ሁሉም አየው።

እርሳሱ ወድቋል። ፀሐዩ ማስቲሹን አልሞት ይሆናል፤ አንድ ቦታ ከድንጋይ መሐል ገብቶ ተረግጧል። እኔ ወዲያው ገባኝ።

አዴ ዘሃራ ሚዛኑን እንዳነሱ ቀሩ። ዞር ሲሉ ከእናቴ ኋላ አዩኝ።

«ጌቱ! ና እስኪ። የሠራኸው አንተ ነህ። ምን ሆኖ ነው? እስኪ እየው» አሉ።

መንገድ ተከፈተልኝ። ሄድኩ። ሰሃኑን ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ ማስቲሹ ክብ ምልክት ትቷል። አውራ ጣቴን አደረግኩበትና ሸፈንኩት። ያን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። «ሰሃኑን የለወጥኩት እኔ ነኝ» ማለት። ጋሽ ታምራት ትዝ አለኝ፣ ጭሽ የሚሉት ልጆች ትዝ አሉኝ፣ ቤት ያለው የበሳሁት ሰሃን ትዝ አለኝ። የተበሳ ነገር አይመለስም። እና እንዲህ አልኩ።

«ሰንሰለቱ ደህና ነው። እኔ ስሰጥዎት እኩል ነበር።»

ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረው። ተራ ውሸት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር።

«እሱ ሲሰጣት እኩል ከነበረማ…» አለ አንድ ሰው። አልጨረሰውም። ከዲጃ ግን ጨረሰችው። «ጎደሎ!» ብላ ፊቷን አዞረች። እናቴ እጄን ይዛ ነበር፤ እጇ ሲላላ ተሰማኝ። በእኔ ሳይሆን በአዴ ዘሃራ አዝና ነው።

አዴ ዘሃራ መማላቸውን አቆሙ። ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀምጠው «ሚዛኑ የኔ ነው። ያነሳውም እጅ የኔ ነው» አሉ። ለዚያች ሴት ከሁሉም ዓይነት በሁለት እጃቸው እየዛቁ ዘንቢሏን ሞሉላት። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ኑሪያ የእናቷን ቀሚስ ይዛ እኔን ታየኝ ነበር። እሷን ላለማየት የአብሹን ጆንያ አየሁ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ እንኳ ደግ ነበር። አዴ ዘሃራ ግን ማን ከእሳቸው እንደገዛ፣ ምን ያህል እንደጎደለበት አያውቁም። ስለዚህ የሚያስታውሱትን ገዢ ሁሉ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ቅመም በወረቀት ጠቅልለው ይሰጣሉ፣ «የጎደለውን ነው፤ ሐላል በሉኝ» ይላሉ። ያጎደለ ሰው ባለቤቱ ሐላል ካላለው ሐቁን ተሸክሞ ነው የሚሄደው ብለው ያምናሉ። እኛም ቤት መጡ። በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከሐኪም ጋራ በእግራቸው ወርደው ጫማቸው አቧራ ሆኗል። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ልትስማቸው ስትል እጃቸውን አነሱ።

«አስቀድመሽ ሐላል በይኝ።»

«እኛ ምን ቆጥረንብዎት አዴ! ሐላል ነው» አለች እናቴ እያለቀሰች።

ወደ እኔ ዞሩና ወረቀቱን በእጄ አስያዙኝ። «አንተም በለኝ። አንተም ከዚህ ቤት ነው የምትበላው» አሉ።

ዓይናቸው ቀይ ነበር። ውስጡ ግን ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረም። ያውቁ ነበር እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ። አያውቁም ነበር።

«ሐላል» አልኳቸው።

ሌባው ለተሰረቀበት ሰው ይቅርታ አደረገ። «አላህ ይስጥህ» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አዴ ዘሃራ ሚዛን አልነኩም። በጣሳ እየሰፈሩ፣ ጣሳውን እየቆለሉ ይሸጡ ጀመር። በጣሳ የሚገዛ ደግሞ ቆንጠር አድርጎ የሚገዛው ድሀ ብቻ ነው። የሠርግና የሆቴል ገዢ ወደ ሌላው ሄደ። በዓመቱ ወደ ገበያ መምጣት ተዉ። እኔም ሥራ አግኝቼ ድሬዳዋ ገባሁ፣ የኪነት ቡድኑም ተበተነ። መሞታቸውን እናቴ በደብዳቤ ጻፈችልኝ። «ምስኪን፣ መጨረሻቸው አላማረም» የሚል ቃል ነበረበት። ደብዳቤውን ቀደድኩት።

ጡረታ ወጥቼ ሐረር ከተመለስኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ጊደር መጋላ ገብቼ ቅመም ገዝቼ አላውቅም። ባለቤቴ የማልሄደው ወገቤን ስለሚያመኝ ይመስላታል።

ሳባ ጓሮ ድረስ ተከትላኝ መጥታ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። በሕይወቴ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ብዙ ነገር ትለኛለች ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሰሃኑ አለ?»

አለ። ሳጥን ሥር፣ በአሮጌ ጨርቅ እንደተጠቀለለ። አውጥቼ አሳየኋት። ልትመታው እጇን ስታነሳ ዓይኔን አየችና ተወችው።

በማግስቱ ጠዋት ሰሃኑን በፌስታል ይዤ ጊደር መጋላ ወረድኩ። ኑሪያ በእናቷ ቦታ ሱቅ አላት፤ ሰው አሳየኝ። ሽበቷ በሻሽዋ ሥር ይታያል። ቁጥር የሚያበራ ሚዛን ፊቷ አለ።

«ጋሽ ጌቱ! እርስዎ ነዎት? ማሻ አላህ! እናትዎ እኮ እናቴን ይወዷት ነበር» አለችኝ።

ቆሜ ነገርኳት። አሳጥሬ ለመናገር ሞከርኩ፤ ረዘመ። ስጨርስ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«እስኪ አምጣው» አለችኝ። አንቱታውን ትታዋለች።

ሰሃኑን ወደ ብርሃን አንስታ በቀዳዳው አየችኝ።

«የጎደሎ ልጅ እንኳ አልነበረም የሚሉኝ» አለች። «ጎደሎ ነበር። ትምህርት ቤት እስክጨርስ ስሜ እሱ ነበር።»

«ኑሪያ፣ ሐላል በይኝ።»

«የሰሃኑን ብዬሃለሁ። ዕቃ ነው፤ ወራሽዋ ነኝ፣ ይገባኛል። የስሟን ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ስሟ የጠፋው እዚህ ገበያ ላይ ነው።» በአገጯ ወደ ጎን አመለከተችኝ። «ያን ቀን ከነበሩት የቀሩት አዴ ከዲጃ ብቻ ናቸው። ሄደህ ለእሳቸው ንገራቸው።»

አዴ ከዲጃ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይፈለፍላሉ። በጣም አርጅተዋል። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

ጆሮአቸው እንደደከመ ያኔ ገባኝ። ትንሽ ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«ሚዛን? ሚዛን እንኳ አልሸጥም። ጮክ በል፣ ልጄ!»

ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ይገዛል፣ ሰው ይሸጣል፣ ባለጋሪው መንገድ ይለምናል። ኑሪያ ከሱቋ በር ቆማ እጇን አጣምራ ታየኛለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ተነስቼ ቆምኩና በድራም መቺነት ዘመኔ እንኳ ባላወጣሁት ድምፅ ጮኽኩ።

«አዴ ዘሃራ አላጎደሉም! ሰሃኑን የለወጥኩት እኔ ነኝ! ሰርቄ ነው! ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አብዛኛው ሰው አዴ ዘሃራ ማን እንደሆኑ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ያልተወለደ ነው። አብዶ እንደሚጮህ ሽማግሌ አድርገው ነው ያዩኝ። አዴ ከዲጃ ግን ሰምተዋል። ሽንኩርቱ ከጭናቸው ላይ ፈሰሰ።

«ወላሂ?» አሉ።

«እውነቴን ነው።»

«እኔ እኮ ያን ቀን ጎደሎ ብያታለሁ» አሉ። «በአፌ ብያታለሁ። ከዚያ በኋላ ሰላምታዋንም አልመለስኩላት። ዓመት ሙሉ፣ እዚሁ ጎኔ ተቀምጣ።» ሻሻቸውን ስበው አፋቸውን ሸፈኑ። ቆይተው ቀና ብለው አዩኝ። «ዘሃራ ሞታለች። እንግዲህ እኔን ማን ሐላል ይለኛል?»

ጥያቄውን የጠየቁት እኔን ነበር። ተንበርክኬ የፈሰሰውን ነጭ ሽንኩርት እየለቀምኩ ጭናቸው ላይ መለስኩላቸው፤ ሌላ የማደርገው ነገር አጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በደሌ በአንድ ሰው ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዝም ስል ከዲጃንም፣ ያን ቀን እዚያ የቆመውን ሁሉ፣ እናቴንም ሳይቀር አስበድያለሁ።

ልሄድ ስል ኑሪያ ጠራችኝ። ሩብ ኪሎ ጥቁር አዝሙድ መዝና፣ ቁጥሩ ሲቆም በሦስት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ጨመረችበት። ፊቷ አልተፈታም። «እናቴ ያለ ምርቃት ሰው አትሸኝም ነበር» አለችኝና ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

ሳባ አሁን ወደ አዲስ አበባ ተመልሳለች። የምትሄድበት ቀን ሁለቱን ሰሃን ለየብቻ በጨርቅ ስትጠቀልል አየኋት። የአዴ ዘሃራን ሰሃን ኑሪያ በሱቋ ግድግዳ ላይ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ በምስማር ሰቅላዋለች። ምስማሩን ያሳለፈችው እኔ በበሳሁት ቀዳዳ ነው። አንዳንድ ቀን በዚያ በኩል ሄጄ፣ ሰላም ብያት፣ ቀና ብዬ አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ድፍረቱን አጥቼ በሌላ መንገድ ዞሬ ቤቴ እገባለሁ።